የቦረቦሩ ሣር

ጳጉሜን ድሮ እወዳት ነበር። አጭር ናት፣ ሥራ አይበዛባትም፣ ዝናቡ ጠበል ነው እየተባለ ሰው ሁሉ ልጁን ይዞ ደጅ ይወጣል። የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራችን አባል ከሆንኩ ወዲህ ግን ገና ስሟ ሲነሳ ራሴን ያመኛል። እኛ እኮ ዓመቱን ሙሉ ተኝተን ከርመን ዓመቱ ሊያልቅ ሲል «የዓመቱ መዝጊያ ሥራ» የሚባል ነገር ትዝ የሚለን ሰዎች ነን። ችግኝ በሐምሌ ይተከላል፤ ይኼን የማያውቅ ገበሬ የለም፣ እኛም እናውቃለን። በሐምሌ ግን ቲሸርቱ አልደረሰም። ቲሸርቱ ሲደርስ ሰብሳቢያችን ለስብሰባ ባሕር ዳር ነው። እሱ ሲመለስ ጳጉሜን ገብታለች።

ሰብሳቢያችንን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንድ ሰፈር አድገን፣ አንድ ትምህርት ቤት ተምረን፣ አንድ ላይ ሸበትን። ክፉ ሰው አይደለም። ይኼን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስለ እሱ የምለው ሁሉ የጠላት ወሬ እንዳይመስልብኝ ነው። ማኅበሩን ያቋቋመው እሱ ነው፣ ከኪሱም አውጥቶበታል፣ ከቢሮ ቢሮ ተመላልሶበታል። ችግሩ ድግስ ይወዳል። ሁለት ሰው ከተሰበሰበ ማይክ ይፈልጋል፣ ሦስተኛ ከተጨመረ ድንኳን ያስተክላል። እኔ ደግሞ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ከማይናገር ነገር ጋር ስለምውል ይሆን እንጃ፣ ንግግር ሲበዛብኝ ትዕግሥቴ ያልቃል።

የምንሠራባት መንደር ትክል ድንጋይ ሳይደርሱ ከመንገዱ ወደ ታች ወረድ ብላ ናት። መንደሯን ለሁለት የሚሰነጥቅ፣ ጎርፍ የቆፈረው ትልቅ ቦረቦር አለ። በየክረምቱ ጠርዙ እየተቆረሰ ስንቱን ማሳ ይዞ ሄዷል። የቦረቦሩ አፋፍ ላይ የአንዲት ሴት ቤት አለ። ሴትየዋ እንደ እኔው ሃምሳዎቹን እየጨረሰች ነው፤ ባሏ ሞቶባት፣ ሴት ልጇን አዲ አርቃይ ድራ፣ ከአንዲት ላሟ ጋር ብቻዋን ቀርታለች። የነጭ ሽንኩርት መደቧን ቦረቦሩ የበላባት እኛ ከመምጣታችን በፊት ነው። ከዚያ ወዲያ በሷና በገደሉ መካከል ያለው ማድ ቤቷ ብቻ ነው። ከማድ ቤቷ ደጅ ቆማ እጣቢ ስትደፋ እጣቢው የሚያርፈው ገደሉ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን እንዲህ ተባባልን።

«እቴ፣ እዚህ ተኝተሽ እንቅልፍ ይወስድሻል?» አልኳት።

«ሲዘንብ አይወስደኝም» አለችኝ።

እንግዲህ እውነቱን ለመናገር ማኅበራችን በሕይወቱ አንድ ሸጋ ሥራ ቢሠራ እዚያ ቦረቦር ላይ ነው። ከመንደሩ ሰው ጋር ሆነን ድንጋይ ተሸክመን ጎርፉን የሚያግድ ክትር ሠራን። በክትሩ መካከልና በጠርዙ ላይ ደሾ የሚሉትን ሥሩ አፈር የሚይዝ ሣር ተከልን። ሴትየዋ ዙሪያውን እሾህ አጠረችበት። ከብት ሲጠጋ ከየትም ሆና ትሮጣለች፤ የራሷን ላም እንኳ አንድ ቀን ስታባርር ያየኋት እንደ ሌላ ሰው ላም ነው። ሁለት ክረምት አለፈ። ሣሩ ወገብ ደረሰ። ጠርዙ ባለበት ቆመ። ደውላ «ዘንቦ ተኛሁ» ስትለኝ ከባልደረቦቼ ፊት እንባዬ መጣ፤ እነሱ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ስልኩን ሊቀሙኝ ደረሱ።

ታዲያ እንዲህ ሸጋ ሆኖ በቆመ ነገር ላይ እኛ እጃችንን ሳናስገባ አናርፍም። አንድ ጊዜ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ለከብቱ ሣር ሊያጭድ ገብቶ በሣሩ መካከል የተከልናቸውን የወይራ ችግኞች አብሮ አጨዳቸው። ሰብሳቢያችን በጣም ተቆጣ፤ ተሰበሰብን፣ ተከራከርን፣ ሻይ ጠጣን፣ በመጨረሻ ደንብ ወጣ። ደንቡ በአረንጓዴ ቀለም ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ቦረቦሩ አፍ ላይ ተተከለ፦ «ማጭድ ይዞ መግባት ክልክል ነው»። ከጽሑፉ ይልቅ የማኅበራችን ዓርማ ይበልጥ ነበር። ማንበብ ለማይችል ሰው ሁሉ እየዞርን በቃል ነገርን። ሴትየዋን በተለይ ጠባቂ ስለሆነች ሰብሳቢያችን ራሱ ቁጭ ብሎ አስረዳት። «ማጭድ እንዳታስገቢ፤ የማንም ማጭድ፣ የራስሽም ቢሆን» አላት። እሷም ማለች።

ባለፈችው ጳጉሜን ታዲያ የዓመቱ መዝጊያ ደረሰ። ጠዋት ፒያሳ ተገናኝተን በጊዜ እንነሳለን ተብሎ ነበር። እኔ ቦቲ ጫማዬን አድርጌ፣ መቆፈሪያዬን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ካፌው በር ላይ ቆምኩ። ማን መጣ? ማንም። በኋላ አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ መጡ፣ መጥተውም ማኪያቶ አዘዙ። ቲሸርቱ ሲታደል ጠቦኛል፣ ሰፍቶኛል፣ ቀለሙ ከአምናው ይለያል የሚል ጭቅጭቅ ተነሳ። «ኧረ በሕግ አምላክ፣ ችግኝ ነው የምንተክለው ወይስ ሙሽራ ነው የምናጅበው?» ብል ሳቁብኝ። መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ ደግሞ ባነሩ ተረስቶ ተመለስን።

መንደሩ ስንደርስ የመንደሩ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ይጠብቀናል፤ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ቅዝቃዜ፣ የሴትየዋ ጎረቤት የሆኑት ሽማግሌ ሳይቀሩ። ጉድጓዱን ቀድመው ቆፍረውታል። የኛ ሰዎች ችግኙን ያዙና ፎቶ ተነሱ። ከተነሱ በኋላ ተከሉ። ሲተክሉ ሄጄ ባይ ችግኙን ከነፕላስቲኩ ነው ጉድጓድ ውስጥ የሚከቱት! እኔ ከኋላ ከኋላ እየሄድኩ እየነቀልኩ፣ ላስቲኩን እየቀደድኩ፣ መልሼ እየተከልኩ ወገቤ ተቆረጠ። አንዱ ጎበዝ «እትዬ፣ የተከልነውን ለምን ይነቅላሉ?» ብሎ ቆጣ አለብኝ። ምን እላለሁ! ሥሩ መውጫ እንደሚፈልግ ነገርኩት። «እሺ» ብሎ የሚቀጥለውንም ከነላስቲኩ ተከለው። እርር ድብን አልኩ። ግማሾቹ ደግሞ ከናካቴው የሉም፤ ትክል ድንጋይ ገበያ ነው ተብሎ ድንችና ማር ሊገዙ በባጃጅ ሄደዋል።

ሥራው እንደዚያ ሆኖ አለቀና ወደ ድንኳኑ ተጠራን። ድንኳኑ ከሴትየዋ ቤት ከፍ ብሎ፣ ሜዳ ላይ ነው የተተከለው። ከከተማ የተጋበዙ የቢሮ ኃላፊዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሰብሳቢያችን ማይኩን ነፋ ነፋ እያደረገ ይሞክራል። እኔ በድካም ከኋላ አንድ በርጩማ አገኘሁና ዘፍ አልኩ። መሬቱ ላይ ሣር ተጎዝጉዟል፤ ረጅም፣ ለምለም፣ ጭቃው እስከማይታይ ድረስ ወፍራም። መጀመሪያ ደስ አለኝ። አንዱን ቦቲዬን አውልቄ እግሬን ላሳርፍ ዝቅ ስል ግን አንድ ነገር አየሁ። ሣሩ ሥር አለው። ሥሩ ላይ ቀይ አፈር ተንጠልጥሏል።

አንዱን ዘለላ አነሳሁት። ይኼን ሣር አውቀዋለሁ። በእጄ የተከልኩት ነው።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ አንድ እግሬ ቦቲው ውስጥ አንዱ ካልሲ ብቻ ሆኖ ወደ ቦረቦሩ ሮጥኩ። አጥሩ እንዳለ ነው፤ በሩ ብቻ ተከፍቷል። ታፔላችን እንዳለ ቆሟል። ከታፔላው ወዲያ ግን ባዶ ነው። ከላይ ያለው ክትር ዙሪያ፣ ከዚያም ጠርዙን ይዞ እስከ ማድ ቤቷ ድረስ፣ ያ ሁሉ ሣር ተነቅሎ አፈሩ እንደ ተላጨ ራስ ራቁቱን ቀርቷል። ወይ ጉድ! ጮህኩ። ማን ላይ እንደምጮህ ግን አላወቅኩም።

ስዞር ሴትየዋ ከኋላዬ ቆማለች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ነጠላዋን አጣፍታለች፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታለች። ያን ቀን ለጥበቃዋ ምስክር ወረቀት ሊሰጣት ነበርና እንደ ሙሽራ አምሮባታል።

«ጉዝጓዙ ሸጋ ሆነ አይደል እቴ?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ የነቀልሽው?»

«ሴቶቹ አግዘውኛል።»

«ምነው! ምነው እቴ! ምን ነካሽ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰብሳቢያችን ከሁለት ቀን በፊት ለቀበሌው ሊቀ መንበር ደውሎ «ትልልቅ እንግዶች አሉ፣ መሬቱ ጭቃ እንዳይሆንብን ሣር ይጎዝጎዝ» ብሏል። ሊቀ መንበሩ ለሷ ነግሯታል። ሜዳው ሣር ከብት እየጋጠው ከጣት አይበልጥም፤ ለእንግዳ የሚሆን ረጅም ሣር ያለው ከብት ያልደረሰበት ቦረቦሩ ውስጥ ብቻ ነው።

«እሺ ሣር ፈለግሽ፤ ታዲያ በማጭድ ከላይ ከላዩ አታጭጅውም ነበር? ተመልሶ ይበቅል ነበር እኮ!»

ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። እንደ ተሰደበች ነው የሆነችው።

«ማጭድ አላስገባሁም!» አለች። «ምዬ አይደለም እንዴ? አንዲቷ ማጭድ ይዛ ብትመጣ ከበር ነው የመለስኳት። በእጃችን ነው የነቀልነው፤ ዝናቡ አርሶታል፣ እሺ ብሎ ነው የወጣ።»

ደንባችንን አክብራለች። አንዲት ነገር አላጎደለችም። እኔ ደግሞ የምቆጣው ሰው አጥቼ በአንድ ቦቲ ቆሜያለሁ። ሰማዩን ባይ ወደ ሰሜን በኩል ጠቁሯል።

«ቤትሽስ?» አልኳት በመጨረሻ።

ወደ ማድ ቤቷ አየት አደረገችና መለሰችው። «እንግዳ መጥቶ ጭቃ ላይ ላስቀምጥ?» አለች። «ሰው ምን ይለኛል?»

ከድንኳኑ ስሟ በማይክ ተጠራ። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። ጭብጨባው ደመቀ። ሰብሳቢያችን «ይህች እናት ቦረቦሩን እንደ ዓይኗ ብሌን የጠበቀች ናት» አለ። ቀጠለና ወደ መሬቱ እያሳየ «የዛሬውንም ጉዝጓዝ ተመልከቱ፤ ዓመት በዓል አስመስላልናለች» ሲል እንግዶቹ እንደገና አጨበጨቡ። ፍሬም ውስጥ የገባውን ወረቀት በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። የቆመችው የነቀለችው ሣር ላይ ነው። ደሜ ፈላ። ከዚያ በላይ መቻል አልቻልኩም፤ መሀል ለመሀል አልፌ ማይኩን ከእጁ ነጠቅሁት።

«ይቅርታ አድርጉልኝና ከመቀመጫችሁ ተነሱ» አልኩ። «የረገጣችሁት ሣር የዚህች ሴት ቤት ነው። ከቦረቦሩ ተነቅሎ ነው የመጣው። ዝናብ ሳይደርስ ካልመለስነው ቤቷ ይሄዳል።»

ሰብሳቢያችን በጆሮዬ «አብደሻል? መርሐ ግብሩ አላለቀም እኮ!» አለኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ከመርሐ ግብርህ ጋር ከፊቴ ዞር በል!» አልኩት፤ ማይኩ እጄ ላይ መሆኑን ረስቼ ሁሉም ሰማው። የሚገርመው ከሁሉ በላይ የተቆጣችው ሴትየዋ ናት። ፊቷ ቀልቶ ነጠላዬን ያዘችኝ።

«ምነው እቴ፣ ምነው ታዋርጅኛለሽ? እንግዳ ታስነሻለሽ?»

መጀመሪያ የተነሱት ሽማግሌው ናቸው፤ ጎረቤቷ፣ መንደሩ ሁሉ አያ የሚላቸው። ጎንበስ ብለው ሣሩን በክንዳቸው መሰብሰብ ጀመሩ። የመንደሩ ሴቶች ተከተሏቸው። ከኛ ሰዎች ከነላስቲኩ ይተክል የነበረው ጎበዝ እቅፍ ሙሉ ይዞ ሲሮጥ አየሁት፤ ይቅር ብዬዋለሁ። ከኃላፊዎቹ አንዷ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ገባች። ሌሎቹ ስልካቸውን እያዩ ወደ መኪናቸው ሄዱ። ሰብሳቢያችን ትንሽ ቆሞ ከቆየ በኋላ ማይኩን አጥፍቶ፣ ከረቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። አላነጋገረኝም፣ ግን መጣ።

ከቤቷ በኩል ጀምረን ወደ ማድ ቤቱ እየተከልን ሄድን። የሣሩ ግማሽ በወንበር እግርና በጫማ ደቅቋል፣ ሌላው ሥሩ ደርቋል። የዳነውን እየመረጥን በእጃችን ጭቃ ውስጥ ቀበርን። እሷም ነጭ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ትተክላለች፤ ከኔ ጋር አኩርፋ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ማድ ቤቱ ጋ ሳንደርስ ዝናቡ መጣ። ዝናብ ብቻ አይደለም፣ በረዶም ነበረው። ሹፌሩ ወንዙ ሳይሞላ እንሂድ እያለ ጥሩንባውን አስጮኸው። ሄድን።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት። ኩርፊያው የለም። እንኳን አደረሰሽ አለችኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀች፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀች፣ ስለ ሰብሳቢያችን ጠየቀች፣ ስለዚያች ጫማ ስላወለቀችው ሴትዮ ሳይቀር ጠየቀች። እኔ ልቤ ተንጠልጥሏል።

«ቤቱስ?» አልኳት።

«ቤቱ አለ፣ እግዜር ይመስገን። ማድ ቤቷ ሄደች እንጂ።»

«ሄደች?»

«ሄደች። ምጣዱም ማሰሮውም አብሮ። እኔ ላሚቱን ላስገባ ወጥቼ ነበር፣ እሱ አተረፈኝ።»

ቤቱን ያተረፈው የኛ ተከላ ይሁን ወይ የዝናቡ ማቆም እስከ ዛሬ አላውቅም። ስታወራኝ ግን ያሳሰባት ሌላ ነገር ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እቴ፣ አደራሽን፣ ለእንግዶቹ እንዳትነግሪ። ለኛ ሲጎዘጎዝ ነው የሄደች እንዳይሉ። ይከፋቸዋል።»

«እሺ» አልኳት። ዋሸኋት። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ የደወልኩት ለሰብሳቢያችን ነው፤ እየጮህኩ፣ እያለቀስኩ፣ ያልተናገርኩት ነገር የለም። እስክጨርስ አዳመጠኝ። ከዚያ «ማድ ቤቱን ሄደን እንሥራላት፤ ከገደሉ ራቅ አድርገን» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጅነታችን ወዲህ ልስመው ቃጣኝ። ወዲያው ግን «ባነር እናሠራ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ከመስቀል በኋላ ሄድን። ባነር የለም፣ ቲሸርት የለም፣ ድንኳን የለም፤ የማኅበሩ ጥቂት ሰዎችና የተከራየነው መኪና ላይ የተጫነ እንጨትና ቆርቆሮ ብቻ። እንደምንመጣ ለሷ እንዳይነገር ብዬ አስጠንቅቄ ነበር። ለካ ሊቀ መንበሩ አላስቻለውም። መንደሩ ስንደርስ ደጇ ላይ ቆማ ትጠብቀናለች፤ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ። ቀሚሱ ላይ የዚያ ቀን ጭቃ አልለቀቀም። ከደጇ ጀምሮ እስከ ቤቷ መደብ ድረስ ለምለም ሣር ተጎዝጉዟል።

ቁጢጥ አልኩና አንድ እፍኝ አነሳሁ። ገለበጥኩት፣ ጫፉን አየሁት። ሥር የለውም። ጫፉ ስልት ብሎ ተቆርጧል።

«በማጭድ ነው» አለች ቶሎ ብላ፣ ፈርታኝ ይመስለኛል። «ቦረቦሩንም አልነካሁ። ከማሳዬ ዳር ለላሚቱ ያጨድኩት ነው።»

ዞር ብዬ አየሁ። ላሟ ከበረቱ አጠገብ ታስራ ከፊቷ ምንም የለም፤ ወደ ጉዝጓዙ አንገቷን ሰግጋ ትጮኻለች።

«እና ላሚቱስ?» አልኳት።

«እሷ እንግዳ አይደለች» አለችኝ። «ግቡ እንጂ፣ ምነው ቆማችሁ?»